ልምድ ሌላ፣ ተሞክሮ ሌላ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን በየሳምንቱ ከቡና ጋር የማነብ ሰው ነኝ። ባለፈው እትማችሁ በፍልስፍና ዓምድ ላይ ስለ ኢምፒሪሲዝም፣ ማለትም እውቀት የሚገኘው በማየትና በመሞከር ነው ስለሚለው አስተሳሰብ፣ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ደክመውበታል። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ መጻፉም ደስ ይላል። ግን አንድ ቃል ላይ አልተስማማሁም። ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለና ማታ ብዕር አነሳሁ። ጸሐፊው ኢምፒሪሲዝምን ልምዳዊነት ብለው ተረጎሙት፤ ከዚያ ተነስተው እውቀት የሚመጣው ከልምድ ስለሆነ ብዙ የኖረ ብዙ ያውቃል ወደሚል ድምዳሜ ሄዱ። እዚህ ላይ ነው መንገዳችን የተለያየው።

እኔ ፈላስፋ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ያህል ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የኖርኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ግን ጉዳዩ የእኔም ነው። ልምድ ጥሩ ሰውን፣ ጎበዝ ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። ልምድ ከ"ለመደ" ነው የመጣው። አንድን ነገር ለመድከው ማለት እንግዳነቱ ጠፋ፣ ሳታስብ ትሠራዋለህ ማለት ነው። በሬ ቀንበር ይለምዳል። ሰው ሱስም ይለምዳል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? ተሞክሮ ግን ከ"ሞከረ" ነው። መሞከር ውስጥ ጥያቄ አለ። ይሆን ይሆን ወይስ አይሆንም ብሎ መነሳት አለ። የሞከረ ሰው ላይሳካለት እንደሚችል አውቆ ነው የሚገባበት። አማርኛችን ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል፤ የምንደባልቃቸው እኛ ነን። ለእኔ ኢምፒሪሲዝም ያለው ሁለተኛው ቃል ውስጥ ነው፣ የመጀመሪያው ውስጥ አይደለም።

ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ልጀምር።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ቆላ ውስጥ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነበር። መብራት የለም። ማይክሮስኮፑ በመስተዋቱ የፀሐይ ብርሃን እየተቀበለ ነው የሚሠራው፤ ሰማዩ ከደመነ ሥራ ይቆማል። ጣቢያውን የሚመሩት አንድ አንጋፋ ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳት ማለት ነው፣ ነበሩ። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን፣ የአገሬው ሰው ግን ዶክተር ነበር የሚላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ እዚያው አገልግለዋል። ግንባር ዳስሰው፣ የዓይን ቆብ ገለጥ አድርገው፣ ሆድ ጫን ጫን አድርገው "ይሄ ወባ ነው" ይላሉ። የወባ መድኃኒቱን ክሎሮኪን ይሰጣሉ። በሽተኛው ይድናል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሆነ። ታዲያ እሳቸውን ማን ይጠራጠራል? እኔም አልተጠራጠርኩም። ብዙውን ጊዜ ደም የማየው እሳቸው መድኃኒቱን ከሰጡ በኋላ ነበር፣ ለመዝገብ ያህል።

ጥቅምት ላይ ነው። ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በብዛት የሚገቡበት ወቅት ነው። አንድ ዳስ ውስጥ ተደራርበው ያድራሉ። የለበሱት ልብስ ያው ከቤታቸው የወጡበት ነው። አንዱን፣ ሃያ ዓመት እንኳ የማይሞላው ልጅ፣ ጓደኞቹ በቃሬዛ አመጡት። ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይጋላል። ራሱን ያመዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል። ጋሼ ዳሰሱትና ወባ ነው አሉ። ጣቱን ወግቼ ደሙን ስላይድ ላይ ቀባሁ፣ በጊምሳ አቀለምኩት፣ ዘይት ጠብ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። የወባ ተውሳክ የለም። ስላይዱን ቀስ ቀስ እያልኩ ሳንቀሳቅስ በቀይ የደም ሴሎቹ መሃል አንድ ነገር ታየኝ። ቀጭን ነው፣ ወይን ጠጅ መልክ አለው፣ እንደ ተጠማዘዘ ክር ነው። እሱን አልፌ ሌላ አየሁ። ከዚያ ሌላ። መጽሐፌ ላይ ሥዕሉን አይቼው ነበር፣ በሰው ደም ውስጥ ግን ያኔ ገና መጀመሪያዬ ነው። የትኩሳት ግርሻ ነበር። በቅማል የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ ከወባ ጋር ምንም አያገናኘውም።

"ጋሼ፣ እስቲ ይሄንን ይዩልኝ" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ "ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ።

በዚያ ሳምንት መዝገቡን ወደ ኋላ እየገለጥኩ አየሁት። አንዳንድ ስሞች ሁለት ጊዜ አሉ። መስከረም መጨረሻ ላይ "ወባ" ተብሎ ተጽፎለት ክሎሮኪን የወሰደ ሰው፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ እንደገና "ወባ" ተብሎ ተጽፎለታል። ጋሼ ይህን አያውቁም ማለት አይደለም። ያውቁታል፣ ግን ሌላ ወባ ያዘው ነበር የሚሉት፤ ቆላ ነው፣ ትንኝ ሞልቷል፣ ደግሞ ቢይዘው ምን ይገርማል? ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ይህ በሽታ ጠባዩ እንዲያ ነው። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ያነድና ራሱ ይወርዳል፣ ማንም ምንም ሳይሰጥ። ሰውዬው አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ አለፍ ላለ ጊዜ ደህና ይሆናል፣ ከዚያ ያገረሽበታል። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ ሊወርድ ሲል ክሎሮኪን የዋጠ ሰው ክሎሮኪኑ ያዳነው ይመስላል። ጋሼ ሃያ ዓመት ያዩት ይህን ነበር። አልዋሹም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ያዩት ግን የሚያሳስት ነገር ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ትክክለኛው መድኃኒት ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ነው። እሱን የወሰደ በሽተኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይብስበታል፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ተሕዋስያኑ በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ሰውነት የሚያሳየው ምላሽ ነው። አስቡት እንግዲህ። የማያድነው መድኃኒት የሚያድን ይመስላል፣ የሚያድነው ደግሞ የሚገድል ይመስላል። ባየው ብቻ የሚሄድ ሰው የቱን ይመርጣል? መቶ ዓመት ቢያገለግልስ?

ለጋሼ እስከ ዛሬ ያለኝ ክብር ከዚያ በኋላ ባደረጉት ነገር ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ እኔ ገና ጢሜ ያልበቀለ። ሊቆጡኝ ይችሉ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን አዲስ ደብተር ይዘው መጡ። በማስመሪያ አራት መስመር አሰመሩ። ስም፣ እሳቸው ዳስሰው ያሉት፣ እኔ በማይክሮስኮፕ ያየሁት። አራተኛዋ ላይ "ከአሥር ቀን በኋላ" ብለው ጻፉ። መድኃኒት የወሰደ ሁሉ ተመልሶ እንዲመጣ ይነገረዋል። የቀረውን ዘበኛው ዳሱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። እኔ ስላይዱን ሳላይ እሳቸው የጻፉትን እንዳላይ ደብተሩን በወረቀት ይሸፍኑት ነበር። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ከራሳቸው የመጣ ነው። አንድ ወቅት ሙሉ እንዲህ ሠራን። እሳቸው በእጃቸው ወባ ካሉት ውስጥ ስንቱ ሌላ ነገር እንደሆነ ሲያዩ እያንዳንዱን በቀይ እስክሪብቶ አከበቡት።

ያች አራተኛ መስመር ናት ለእኔ ኢምፒሪሲዝም። ከእሷ በፊት ጋሼ ልምድ ነበራቸው። ከእሷ በኋላ ተሞክሮ ኖራቸው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ብዙ በሽታ በራሱ ጊዜ ይድናል። ጉሮሮ ይታመማል፣ ይድናል። ተቅማጥ ይመጣል፣ ይሄዳል። በመሃል ያደረግከው ማንኛውም ነገር ያዳነ ይመስላል። ታናሽ ወንድሜ ልጅ እያለ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉ ወርዷል ተብሎ ተቆረጠ። የመንደሩ ቆራጭ ነው የቆረጠው። ደሙ አልቆም ብሎ ሌሊቱን እናቴ አቅፋው ስታለቅስ አድራለች፤ ጨርቁ በደም ርሶ ትዝ ይለኛል። ከሳምንት በኋላ ዳነ። እናቴ እስክትሞት ድረስ እንጥሉን ማስቆረጧ ልጇን እንዳተረፈላት ታምን ነበር። ደግሞ ማንን ብላ ትጠራጠር? በዓይኗ አይታለች። የእህቷም ልጅ ተቆርጦ ድኗል፣ የጎረቤቷም። ያልዳኑትን ማንም አይቆጥራቸውም፤ ያ የእግዜር ፈቃድ ነው ተብሎ ይታለፋል። ሳይቆረጥ የዳነውን ልጅ ደግሞ ማን ልብ ይለዋል? ግግ ነው እየተባለ የሕፃናት ድድ የሚቆፈረውም በዚሁ ሒሳብ ነው። በዚህ መንገድ ስንት ልጅ እንዳለቀ ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። አውሮፓ ውስጥ ሐኪሞች ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል በሽተኛን ደም እያፈሰሱ ያክሙ ነበር። እኛም ዋግምት አለን። ሁሉም በልምዱ ይምላል። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሉዊ የሚባል ሐኪም መጣና ዝም ብሎ ቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1835 ባሳተመው ሥራ 77 የሳንባ ምች በሽተኞችን አወዳድሯል። በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ደማቸው ከፈሰሰው 41 ሰዎች 18ቱ ሞተዋል። ዘግይቶ ከፈሰሰላቸው 36 ውስጥ የሞቱት 9 ናቸው። ዛሬ ስናየው ትንሽ ቁጥር ነው፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ታመው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅም ይቻላል። ግን የሁለት ሺህ ዓመት ልምድ አንድ ሰው ወረቀት ላይ ባሰፈረው ቆጠራ ፊት ሲንገዳገድ ማየት እኔን ያስደንቀኛል።

ወደ ዓምዳችሁ ልመለስ። ጸሐፊው ኢምፒሪሲዝምን ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ጀመሩት። ሎክ የሰው አእምሮ ሲወለድ እንደ ነጭ ወረቀት ነው፣ የሚጻፍበት ከተሞክሮ ነው ማለቱ እውነት ነው። የቀረው ነገር ሎክ ራሱ ሐኪም መሆኑ ነው። በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ መዝግቧል። ቃሉ ደግሞ ከሎክ በጣም ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ኢምፒሪኮይ የሚባሉ ግሪክ ሐኪሞች ነበሩ። የተሰወረ ምክንያት ፍለጋ አንገባም፣ ያየነውን እንይዛለን ይሉ ነበር። መሠረታቸው ሦስት ነው፤ ራስ ያየው፣ ሌላው አይቶ የመዘገበው፣ ያልታወቀውን ከሚመስለው ጋር ማስተያየት። ሁለተኛዋን ልብ በሉልኝ። ሌላው የመዘገበው። እነሱም ቢሆኑ የአንድ ሰው ዓይን ብቻ አይበቃም ብለዋል። ስለዚህ ይህ አስተሳሰብ ከጥንቱም ፈላስፎች ወንበር ላይ ተቀምጠው የፈጠሩት አይደለም። ከበሽተኛ አልጋ ነው የመጣው። ለዚህም ይሆናል የምቆረቆርለት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን ሳልል ባልፍ ደብዳቤዬ ጋሼን አሳንሶ ላቦራቶሪን የሚያወድስ ይመስላል። አንዳንዴ ቀድሞ የሚያየው ያልተማረው ነው። የተማረው አልሰማም ይላል።

የቪየና ሴቶችን ታሪክ ሳነብ ያንገበግበኛል። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቪየና ትልቁ ሆስፒታል ሁለት ማዋለጃ ክፍል ነበረው። አንደኛው የሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ነው፣ ሁለተኛው የአዋላጆች። የመግቢያ ቀናቸው ይፈራረቃል። በአንደኛው ክፍል ወላዶች በወሊድ ትኩሳት እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ከተማው ውስጥ ያሉ ድሃ ሴቶች ይህን ያውቁታል። ምጥ ይዟቸው መጥተው አንደኛው ክፍል ነው ሲባሉ ተንበርክከው ይለምናሉ፣ ሁለተኛው ክፍል አስገቡን ብለው። ሐኪሞቹ የሴት ወሬ ነው ብለው አለፉት። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ግን የሁለቱን ክፍል መዝገብ አውጥቶ አወዳደረ። ሴቶቹ ልክ ነበሩ። አየሩ ነው፣ መጨናነቁ ነው፣ የሚባለውን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ፈተሸው፤ አልገጠመም። በ1847 አንድ ጓደኛው አስከሬን ሲመረመር በስለት ተወግቶ ሞተ፤ ሕመሙ የእናቶቹን ይመስላል። ያኔ ገባው። ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ጠዋት አስከሬን ይቀድዳሉ፣ በዚያው እጃቸው ያዋልዳሉ። አዋላጆቹ አስከሬን አይነኩም። በክሎሪን ውሃ ታጠቡ አላቸው። በኤፕሪል ከመቶ ወላድ 18 ያህል ይሞቱ ነበር። በጁን ወደ 2 ወረደ። እንዲያም ሆኖ ብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። እጃችን እናት ይገድላል የሚል ነገር መስማት ከበዳቸው።

የእኛም አገር እንዲህ ያለ ታሪክ አለው፣ የሚያኮራ ታሪክ። ትምህርት ቤት ውስጥ በበቂ አይነገርም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ የጅግጅጋ ልጅ፣ ገና ወጣት ሳሉ አድዋ ሄዱ። የሄዱት የቢልሃርዚያን ነገር ሊያጠኑ ነው። ይህ በሽታ እንዴት እንደሚዞር በአጭሩ ልንገራችሁ፣ ሥራዬ ስለነበረ። በሽታውን የሚያመጣው ትል ነው፤ በሽተኛው ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ወንዝ ይገባል። ያን እንቁላል ማይክሮስኮፕ ላይ አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም፤ ትልቅ ነው፣ ሞላላ ነው፣ ጎኑ ላይ እንደ ጽጌረዳ እሾህ ያለ ሹል ነገር አለው። ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። እሷ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣዋ ከሌለች ዙሩ ይቆረጣል። በዚያን ጊዜ ቀንድ አውጣ መግደያው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ውድ ኬሚካል ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። እንዶድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሳሙና ሳይመጣ በፊት የእናቶቻችን ነጠላ በሱ ነው የነጣው። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ሲነካው ያረፋል። አረፋው በሚወርድበት በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከማጠቢያው በላይና ትንሽ ራቅ ባለው ውሃ ደግሞ እንዲያ አልነበረም። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ። ያ ወንዝ ስንት ዘመን ልብስ ታጥቦበታል። የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ስንት ሰው ረግጧቸው አልፏል። ለምዷቸዋል። ዶክተር አክሊሉ ግን ለምን እዚህ ብቻ አሉ። ከሴቶቹ አንዷን ጠየቁ፤ ከአረፋሽ ትንሽ ስጪኝ፣ እዚህ ዕቃ ውስጥ ሕያው ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ እዚያ ላይ ጨምሪበት አሉ። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፣ ደሙ፣ ሞቱ።

እዚያው ወንዝ ዳር። ያለ ምንም መሣሪያ። የዓለም ሳይንስ ያላየውን ነገር አንድ ዕቃ፣ አንዲት ልብስ አጣቢና አንድ የሚጠይቅ ሰው ሆነው አወጡት። እዚህ ታሪክ ላይ ስደርስ ሁሌም ስለዚያች ሴት አስባለሁ። ስሟን የትም አላገኘሁትም። ግን ሙከራውን የሠራችው እጇ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅም ሥራ ነው። ፍሬው ተመረመረ፣ በላቦራቶሪ ተፈተነ፣ መርዙን የያዘው ንጥረ ነገርም ተለየና በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲም የፓቶባዮሎጂ (የበሽታ ጥናት) ተቋም መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ አምስት ዓመት ወንዞቹ በእንዶድ ታከሙ። በፊትና በኋላ የሰው ሰገራ ተመረመረ። የበሽታው ስርጭት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ትንንሽ ልጆች ላይ ያለው ቅነሳ ከዚያም የበለጠ ነበር። ይህን ቁጥር ለማግኘት አንድ ሰው ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጦ ያንን ባለ እሾህ እንቁላል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቆጥሯል። የሙያ ባልደረባዬ ነው፣ አላውቀውም፣ ግን ወገቡ እንዴት እንዳመመው አውቃለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የውጭ ባለሙያዎች ለማመን ብዙ ዓመት ፈጀባቸው። ምርመራው በእነሱ ላቦራቶሪ እንደገና ካልተሠራ አሉ። ዶክተር አክሊሉ ከአፍሪካ የመጣ ሳይንስ በመሆኑ ብቻ እንዴት በጥርጣሬ እንደሚታይ በአደባባይ ተናግረዋል። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ዶክተር ለገሰ ምርጥ የእንዶድ ዝርያ በመለየት የደከሙ ናቸው።

እንግዲህ ተሞክሮ ያለው የተማረ ሰው ብቻ ነው እንዳትሉኝ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። አዲስ የጤፍ ዘር ሲያገኝ ግን ማሳውን ሙሉ አይዘራውም። ዳር ላይ ሁለት ትልም ለእሱ ይለቃል፣ ከጎኑ ሁለት ትልም የድሮውን ዘር ይዘራል። ያው መሬት፣ ያው ዝናብ፣ ያው ቀን። ሲወቃ ለየብቻ ይወቃል፣ በቁና ይሰፍራል። ጎረቤታችን ደግሞ የአባቴን ያህል፣ ምናልባትም በላይ፣ ያረሰ ሰው ነበር። እሱ ግን አንዴ አዲስ ዘር ዘርቶ ዝናብ ቀረበትና ከዚያ በኋላ አዲስ ዘር የሚባል ነገር አያስጠጋም። ጥፋቱ የዝናቡ ይሁን የዘሩ አልለየም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሁለቱም የገበሬነት ዘመናቸው እኩል ነው፣ ሁለቱም ልምድ አላቸው። በክረምቱ መጨረሻ የጤፉን ነገር የሚጠየቀው ግን አባቴ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ ዛሬም ስላለ ነው። ሬዲዮ ስከፍት አንድ ሰው ይህን ጠጥቼ ከስኳር በሽታ ዳንኩ ይላል። ሌላው ኩላሊቴን አዳነልኝ ይላል። ያየሁትን ነው የምናገረው ይላሉ፤ እውነታቸውን ይሆናል። ማንም ግን ስንት ሰው ጠጣው፣ ከጠጡት ስንቱ ዳነ፣ ሳይጠጡ የዳኑስ የሉም ወይ፣ የሐኪሙን መድኃኒት አቋርጦ ጠጥቶ የሞተውስ የት ተጻፈ ብሎ አይጠይቅም። የስኳር መድኃኒቱን ትቶ ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ደም መርምሬ አውቃለሁ። ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ፣ ጠርሙሱን በፌስታል ይዞ፣ ብዙ ሰው አድኗል ብለውን ነው ይላል። ምን ትላቸዋለህ?

የሥራ ማስታወቂያውም እንደዚሁ ነው። አሥር ዓመት ልምድ ያለው ይላል። አሥር ዓመት ምን ሲሠራ? አሥር ዓመት እየሞከረ፣ እየመዘገበ፣ ያበላሸውን እያረመ የሠራ አለ። የመጀመሪያውን ዓመት አሥር ጊዜ የደገመም አለ። እኔ ራሴ ወጣት ቴክኒሻን ስቀጥር ዓመቱን መጠየቅ ትቼ ነበር። ተሳስተህ ያወቅከውን አንድ ነገር ንገረኝ ነበር የምለው። ይህን የሚመልስ ሰው ቀጥሬ አልተቆጨሁም።

ስለዚህ ለዓምዱ ጸሐፊ በአክብሮት የማቀርበው ሐሳብ ቃሉ እንዲቀየር ነው። ልምዳዊነት በሚለው ፋንታ ተሞክሯዊነት ቢባል ይሻላል፤ ወይም ደግሞ ኢምፒሪሲዝም ብሎ ትቶ ትርጉሙን በአንድ አረፍተ ነገር ማስረዳት። ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በጤና ገጻችሁ ላይ በዚህ ዳንኩ የሚል ምስክርነት ስታትሙ፣ ከዚያው ቦታ ጠጥተው ያልዳኑ ሰዎችንም ፈልጋችሁ ጠይቁልን። ከባድ አይደለም። አንድ ሪፖርተር፣ አንድ ደብተር፣ አራት መስመር። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ተመልሶ ዳነ የተባለውን ሰው ቤቱ ሄዶ ያንኳኳ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን
ባሕር ዳር